ከመግቢያው በፊት መውጫው

እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1985 በእንግሊዟ ብራድፎርድ ከተማ፣ በቫሊ ፓሬድ ስታዲየም ጨዋታ እየተካሄደ ሳለ ከእንጨት በተሠራው የተመልካቾች መቀመጫ ሥር እሳት ተነሣ። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መቀመጫውን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው። ወደ ሜዳው የሮጡት በአብዛኛው ተረፉ፤ ከፊታቸው የሚያግድ አጥር አልነበረም። በገቡበት እንውጣ ብለው ወደ ኋላ የሮጡት ግን ተርንስታይል የሚባሉትን የመግቢያ ማለፊያዎች ተዘግተው አገኟቸው። 56 ሰዎች ሞቱ፤ የብዙዎቹ አስከሬን የተገኘው እዚያው ማለፊያዎቹ አካባቢ ነው።

ሰውን አንድ በአንድ የሚያሳልፈው ይህ መሣሪያ ዛሬ በባንክ ሕንፃዎችና በፋብሪካ በሮች ላይ በየጊዜው እየተተከለ ነው። ገዢዎች አስቀድመው የሚጠይቁት «ማንን ያስቆማል?» ብለው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ሰውን በምን ፍጥነት ያስወጣል?» የሚለው ነው ባይ ነኝ።

ብዙ ቦታ የሚታየው ወገብ ላይ የሚደርሰው ባለ ሦስት ክንድ ነው። ክንዶቹ እርስ በርሳቸው 120 ዲግሪ ተራርቀው በአንድ እምብርት ላይ ተተክለዋል። እምብርቱ ሆን ተብሎ ያዘመመ በመሆኑ ሁልጊዜ አንዱ ክንድ መንገዱን አግድም ይዘጋል፣ ሁለቱ ወደ ታች አዘንብለው ይቆያሉ። ሣጥኑ ውስጥ ጥርስ ያለው ዲስክና ጥርሱን ይዞ የሚያስቆም መቀርቀሪያ አለ። ካርዱ ሲነበብ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት መቀርቀሪያውን ያላቅቀዋል። ሰውየው ክንዱን ገፍቶ ሲያልፍ እምብርቱ ሲሶ ዙር ይዞራል፣ መቀርቀሪያውም ተመልሶ ይገጥማል፤ ያን ጊዜ ቀጣዩ ክንድ ቦታውን ይዟል።

መብራት ሲጠፋስ? አንዳንዱ መሣሪያ መቀርቀሪያውን ዘግቶ የሚይዘው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ይለቀቅና ክንዱ እንደ ልብ ይዞራል። ሌላው ዘግቶ የሚይዘው በስፕሪንግ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ለመክፈት ብቻ ስለሆነ መብራት ሲሄድ እንደተዘጋ ይቀራል። ከውጭ ሲያዩአቸው ሁለቱ አይለዩም፤ በአደጋ ጊዜ ግን ልዩነታቸው የሕይወትና የሞት ነው። ሰው በሚወጣበት መንገድ ላይ መተከል ያለበት የመጀመሪያው ነው። ከሱም የሚሻለው ኃይል ሲቋረጥ አግድሙ ክንድ ታጥፎ ወደ ታች የሚወድቀውና መንገዱን ባዶ የሚያደርገው ነው። «ጄኔሬተር አለን» ማለትም መልስ አይሆንም። እሳት ተነሥቶም ኃይሉ ሳይቋረጥ ሊቆይ ይችላልና ማለፊያው ከእሳት ማንቂያ ደወሉ ጋር መያያዝ አለበት።

ከወለል ተነሥቶ ከራስ በላይ የሚደርሰው የብረት ዘንግ ማለፊያ ጥበቃ በሌለበት የፋብሪካ አጥር ላይ ጥሩ ነው፤ ዘሎ የሚያልፈው የለም። ነገር ግን ፈጽሞ እንደ መውጫ ሊቆጠር አይገባም፣ አጠገቡ ወደ ውጭ የሚከፈት ተራ በር ያስፈልገዋል። ለቢሮ ሕንፃ አልመርጠውም።

የመስታወት መዝጊያ ያለው ማለፊያ ደግሞ ሰውን የሚያየው በዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ጨረር ነው። ጨረሮቹ የሚቋረጡበት ቅደም ተከተል ሰውየው ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ እንደሚሄድ ይነግረዋል፤ በሁለት አካላት መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ሌላ ሰው ተከትሎ መግባቱን። ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ ሊያደናግረው ይችላል። በዚህ ላይ መስታወቱ ብዙ ጊዜ ገፍቶ የሚያልፍን ሰው አያስቆምም፣ መሣሪያው ደወል ያሰማል እንጂ፤ ስለዚህ አጠገቡ ንቁ ጥበቃ ከሌለ ዋጋው ብዙም ትርጉም የለውም።

የማለፊያው ብዛትም ሂሳብ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1989 በሼፊልድ ከተማ በሂልስቦሮ ስታዲየም በአንድ በኩል ለሚቆሙ 10,100 ተመልካቾች የተመደቡት 7 ተርንስታይሎች ብቻ ነበሩ፤ ለአንዱ ከ1,440 በላይ ሰው ማለት ነው። ኋላ ላይ የእንግሊዝ የስታዲየም ደኅንነት መመሪያ ያስቀመጠው ጣሪያ በሰዓት 660 ሰው ነው። በዚህ ስሌት ሰዉን ለማስገባት ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጨዋታው ሊጀመር 8 ደቂቃ ሲቀረው ውጭ ያለውን መጨናነቅ ለማቃለል አንድ ሰፊ በር ተከፈተ፣ ሕዝቡም ቀድሞ ወደ ሞላው ክፍል ጎረፈ። በዚያ ቀን አደጋ ሳቢያ የሞቱት 97 ናቸው። ጥፋቱ የማለፊያዎቹ ብቻ አልነበረም፣ የፖሊስ አመራሩም ከባድ ስሕተት ሠርቷል፤ ግፊያው ግን የጀመረው እዚያ ነው።

ሂሳቡን ወደ ቢሮ እናምጣው። 600 ሠራተኞች ካሉና ግማሾቹ ጠዋት በ15 ደቂቃ ውስጥ ከደረሱ፣ በደቂቃ 20 ሰው ይመጣል። 660 በሰዓት ማለት 11 በደቂቃ ነውና ሁለት ማለፊያ በጭንቅ ይበቃል፤ አንዱ ቢበላሽ ሰልፉ መንገድ ላይ ይወጣል። በእኛ አገር ደግሞ ከማለፊያው በፊት የቦርሳ ፍተሻ አለ። ፍተሻው አዝጋሚ ከሆነ ከኋላው ፈጣን መሣሪያ መትከል ገንዘብ ማባከን ነው።

የባለ ሦስት ክንዱ መተላለፊያ ስፋት 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ በመሆኑ ተሽከርካሪ ወንበር አያሳልፍም። የአሜሪካ መስፈርት ቢያንስ 81 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይጠይቃል፤ የእኛም የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መዳረሻ እንዲኖራቸው አዟል። ስለዚህ ከጎን ሰፊ ማለፊያ የግድ ነው፤ ያውም ጥበቃው ቁልፍ ፍለጋ የሚሄድበት ሳይሆን እንደ ሌሎቹ በካርድ የሚከፈት።

ሻጩ መሣሪያውን ለማሳየት ሲመጣ ካርዱን አስነክቶ ማሳለፉን ብቻ አይተው አይፈርሙ። ሶኬቱን ከግድግዳው እንዲነቅለው ይጠይቁትና ከውስጥ በኩል ቆመው ክንዱን በአንድ እጅ ይግፉት።