ያለ ሽቦ የሚቆጠር ትንፋሽ

በአምቦም ሆነ በጌዶ ወይም በጊንደበረት ሆስፒታል የተኛ ሰው ሙቀቱ፣ የደም ግፊቱ፣ የልብ ምቱ፣ ትንፋሹና የኦክሲጅን መጠኑ በአብዛኛው የሚታወቀው ነርሷ ዞራ ስትደርስ ነው። በሁለት ዙር መካከል ያሉት ሰዓታት ግን ማንም የማያያቸው ናቸው። የሕመምተኛው መዳከም ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው በትንፋሹ ነው። ትንፋሽ በትክክል ለመቁጠር አንድ ሙሉ ደቂቃ ይፈልጋል፤ ሥራ በበዛበት ክፍል ቀድሞ የሚዘለለውም እሱ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚሠሩት ገመድ አልባ መከታተያዎች መነሻ ጣት ላይ የሚሰካው ፑልስ ኦክሲሜትር ነው። ሐሳቡን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያመነጨው ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ ነበር። መሣሪያው ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ፣ ደሙ ከሁለቱ ምን ያህሉን እንደዋጠ በማነጻጸር ኦክሲጅኑን ያሰላል። ዛሬ ይህ ዳሳሽ ሽቦውን ጥሎ በባትሪ እየሠራ መረጃውን በብሉቱዝ ወደ ታብሌት ይልካል።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ጨቅላ ሕፃናትን ይመስለኛል። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ቆዳው ስስ ስለሆነ ጠንካራ ማጣበቂያ ሲነሣ ሊላጥ ይችላል፤ የሞኒተሩ ሽቦም እናት ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ እንዳታቅፈው ያውካታል። ይህን የካንጋሮ እንክብካቤ ዶክተር ቦጋለ ወርቁ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጥንተው ውጤቱን በ2005 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት መፍትሔ አንዱ ደረት ላይ፣ ሌላው እግር ላይ የሚለጠፉ ሁለት ለስላሳ ገመድ አልባ ዳሳሾች ነው።

ሰውነት ጨርሶ የማይነኩም አሉ። በኮቪድ ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው ሙቀት መለኪያ የሁላችንም ትውውቅ ነው። ፍራሽ ሥር የሚገባ ዳሳሽ የትንፋሽንና የልብን ንቅናቄ ያነባል፤ ራዳር የደረትን መነሣትና መውረድ ይለካል፤ ካሜራ ዓይን የማያየውን የፊት ቀለም ለውጥ ይከታተላል። በናይሮቢ የአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፍራሹንም የሚለጠፈውንም ዓይነት በጨቅላዎች ላይ ፈትነዋል። ሁለት ሕፃናት አንድ ማሞቂያ በሚጋሩበት ክፍል ግን የማይነካው መሣሪያ የማንን ትንፋሽ እንደቆጠረ መለየት ይከብደዋል። ስለዚህ እኔ የሚለጠፈውን አስቀድማለሁ።

አገራችንም ለጉዳዩ እንግዳ አይደለችም። ጤና ሚኒስቴር ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚተገበር የኦክሲጅንና የፑልስ ኦክሲሜትር ፍኖተ ካርታ አውጥቶ ነበር። በደቡብ ኢትዮጵያ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ዩኒሴፍ ባስተባበረው ሙከራ፣ የሕፃን ሆድ ላይ በቀበቶ ታስሮ ትንፋሽ የሚቆጥረውን የፊሊፕስ ቻርም ተጠቅመዋል። ቁጥሩ ሕክምናን ይወስናል፦ ከ2 እስከ 11 ወር ያለ የሚያስል ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ የሳንባ ምች ይጠረጠራል።

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ኔትዎርክ መጥፋቱ ብቻውን እንቅፋት አይደለም፤ ብሉቱዝ ያለ ኢንተርኔት ከአልጋ እስከ ነርሶች ጠረጴዛ ሊደርስ ይችላል። የሚያሳስበኝ መብራት፣ የሚተካ ባትሪና ማጣበቂያ፣ መሣሪያውን የሚጠግን የባዮሜዲካል ባለሙያ፣ ከሁሉም በላይ ደወሉን ሰምታ የምትደርስ ነርስ ናት። በከንቱ የሚጮኽ ደወል ውሎ አድሮ ሰሚ ያጣል።

የቆዳ ቀለምም አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት ፑልስ ኦክሲሜትር የኦክሲጅን እጥረትን ሳያይ የሚያልፈው በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳይቷል። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታልና የዞኑ ጤና ኃላፊዎች እንዲህ ያለ መሣሪያ ከመግዛታቸው ወይም በእርዳታ ከመቀበላቸው በፊት በራሳችን ሕሙማን ላይ፣ ከደም ናሙና ምርመራ ጋር አነጻጽረው ይፈትኑት።