ዘር ያወረሰውን ደዌ ጫማ እንደሚከለክለው

በሰው ገላ ላይ ወጥተው ለሁሉ ዐይን የሚታዩ ደዌዎች በሽተኛውን ሁለት ጊዜ ይጐዱታል። አንደኛው ጉዳት ራሱ ሕመሙ ሲሆን፣ ሁለተኛው ያየው ሰው ሁሉ የሚሰጠው ፍርድ ነው። በተለይም ኪንታሮት የሚመስል ሻካራ እባጭ በቆዳ ላይ ሲበዛና ይኸው ምልክት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሁለትና በሦስት ሰው ላይ ሲታይ፣ ጎረቤት «የዘር ነው» ብሎ ይደመድማል። ይህ ቃል አንድ ጊዜ ከተነገረ በኋላ ልጃገረዲቱን ለጋብቻ የሚጠይቃት አይገኝም፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ አባትየውም ከገበያና ከማኅበር ይርቃል።

ነገር ግን «የዘር ነው» የሚለው ፍርድ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስሕተት ነው። ይህንንም ለይቶ ማወቅ ለሐኪሞች ብቻ ሳይሆን፣ አገር ለሚያስተዳድሩና ሸቀጥ ለሚያመላልሱ ሰዎች ሁሉ የሚጠቅም መሆኑ ከዚህ በታች ካለው ይታያል። ዓመታቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እጅግ ጥቂት ሰዎችን ብቻ ከሚይዙት ደዌዎች አንዱን በ1922 ሌቫንዶቭስኪና ሉትስ የተባሉ የቆዳ ሐኪሞች ገልጸው ጽፈዋል። ስሙም ኤፒደርሞዲስፕላሲያ ቬሩሲፎርሚስ ይባላል። በዚህ ደዌ የተያዘ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በእጁ፣ በፊቱና በደረቱ ላይ ጠፍጣፋ ኪንታሮት የመሰለ ነገር ይወጣበታል። ብዙውን ጊዜ በሽታው የሚታየው ልጁ ጉድለት ያለበትን ዘር ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ስለሆነ፣ የሥጋ ዘመዳሞች በሚጋቡበት ስፍራ በይበልጥ ይገኛል። ለዚህ ምክንያት ከሆኑት የውርስ ጉድለቶች ሁለቱ በ2002 ታውቀዋል።

ይሁን እንጂ ውርሱ ብቻውን ኪንታሮቱን አያወጣም። ኪንታሮቱን የሚያወጣው በብዙ ሰው ቆዳ ላይ ያለ ጉዳት የሚኖር ረቂቅ ቫይረስ ነው፤ ዘሩ ያደረገው ነገር ቢኖር ቆዳው ይህን ቫይረስ እንዳይቋቋም መከልከሉ ነው። ከጊዜ በኋላም ፀሐይ በሚያገኘው ገላ ላይ እባጩ ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ በሽተኛውን ከልጅነቱ ጀምሮ በባርኔጣና በልብስ ከፀሐይ መጠበቅ፣ ዘሩን ባይለውጥም፣ ከክፉው ጉዳት ያድነዋል። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት፣ ውርስ በሩን ቢከፍትም የሚገባው ከውጭ የሚመጣ መሆኑን ነው።

ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያ እጅግ የሚጠቅመው በአንድ ሌላ ደዌ ላይ ነው፤ እርሱም ጥቂቶችን ሳይሆን ብዙዎችን የያዘው የእግር እብጠት ነው። ሕዝቡ በጠቅላላው ዝሆኔ ይለዋል። ዝሆኔ የሚባለው ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሙቅ ቆላ በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት የሚተላለፍ ትል የሚያመጣው ነው። ሁለተኛው በደጋና በወይና ደጋ ያለ ትል ያለ ትንኝ የሚመጣ ሲሆን፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ይህን ስም ከግሪክ ቃላት ያወጣለት በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ስለ በሽታው የጻፈውም መጽሐፍ በ1990 ታትሟል።

የበሽታው አካሄድ እንዲህ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው፣ እጅግ ደቃቃ የሆኑ የማዕድን ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ ውስጥ ያልፉበታል። እነዚህም ቅንጣቶች በሰውነት ውስጥ ያለውን ውኃ መሰል ፈሳሽ የሚመልሱትን ቧንቧዎች ያቆስላሉ፤ ይደፍናሉም። በመጀመሪያ እግሩ ያሳክካል፤ ሌሊትም ያቃጥላል። ቀጥሎም ከጣቶቹ ጀምሮ ያብጣል፤ ሲቆይ ደግሞ ቆዳው እየደነደነ በድንጋይ ላይ እንደ በቀለ ሽበት ወይም እንደ ተደራረበ ኪንታሮት ያለ ሻካራ እባጭ ያወጣል። እብጠቱ ብዙ ጊዜ ከጕልበት በታች ይቆማል። በየጊዜውም ትኩሳትና ብርቱ ሕመም እየተነሣ ሰውየውን ለቀናት አልጋ ላይ ያስቀረዋል።

አሁን ጥያቄው፣ በአንድ መንደር ሁሉም በባዶ እግሩ ሲሄድ ጥቂቱ ብቻ ስለ ምን ይታመማል የሚል ነው። መልሱ በወላይታ ተገኝቷል። በ2007 የወጣው የጌይል ዴቪና የባልደረቦቿ ጥናት፣ በሰዎች መካከል በመታመምና ባለመታመም ከሚታየው ልዩነት 63 ከመቶው በውርስ የሚገለጽ መሆኑን አሳየ። የበሽተኛው ወንድም ወይም እኅት የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ 5 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በ2012ም ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋራ አነጻጽረው፣ ውርሱ ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ በሚያውቅበት የዘር ክፍል ላይ መሆኑን ገለጹ። ስለዚህ «የዘር ነው» ያለው ጎረቤት ፈጽሞ አልተሳሳተም። የተሳሳተው፣ ዘር ከሆነ መድኃኒት የለውም፤ ይተላለፋልም ብሎ ሰውየውን በመሸሹ ነው። ይህ ደዌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከአፈሩ የተጠበቀም እግር፣ ዘሩ ምንም ቢሆን፣ አይታመምም።

የጉዳቱም ልክ ተቆጥሯል። በ2013 በአገሪቱ በተደረገው ምርመራ ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት 129,959 ሰዎች መካከል 4 ከመቶው ተይዘው ተገኝተዋል። ከዚህም ተነሥተው ሊቃውንቱ ሕሙማኑን 1.5 ሚሊዮን ያህል፣ በአደጋው ክልል የሚኖረውንም ሕዝብ 35 ሚሊዮን ያህል አድርገው ገምተዋል። በወላይታ ብቻ የተደረገውና በ2006 የወጣው ጥናት፣ በሽተኛው ከሥራ ቀኖቹ 45 ከመቶ የሚያህለውን እንደሚያጣ፣ የዞኑም ኪሳራ በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚበልጥ አሳይቷል። ይህ ሁሉ ያልታረሰ እርሻ፣ ያልተሸጠ እህልና ያልተከፈለ ግብር ነው።

ይህን ሒሳብ ወደ ወሰን ከተማ ወስዶ ማየት ይገባል። ቡቲዬ በሞያሌ በኬንያ በኩል የሚገኝ ስፍራ ነው። ስፍራው ዝናቡ ጥቂት የሆነ ቆላ ሲሆን፣ ደዌው የሚበረታው ግን በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ ከፍተኛ መሬት ነው። ነገር ግን በዚያ የሚያልፈው መንገድ ሁለት ደጋዎችን ያገናኛል። ወደ ሰሜን በያቤሎ፣ በሀገረ ማርያምና በዲላ አድርጎ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ዝናባም አገር ይወጣል። ወደ ደቡብ በማርሳቢትና በኢሲኦሎ አድርጎ ወደ ሜሩ ይደርሳል፤ በዚያም በኒያምቤኔ ተራሮች ይኸው ከአፈር የሚመጣ የእግር እብጠት መኖሩ በ1986 በሐኪሞች መጽሔት ተጽፏል። በታኅሣሥ 2020 በሞያሌ የሁለቱ መንግሥታት የጋራ የኬላ አገልግሎት ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ መንገደኛውና ሸቀጡ በአንድ በር ያልፋሉ።

ስለዚህ ከደጋ የመጣ አንድ የእግር በሽተኛ በቡቲዬ ገበያ ቢታይ፣ ኬላ ጠባቂው ሊያግደው፣ ባለሆቴሉም አልጋ ሊነፍገው የሚያበቃ ምክንያት የለም። ከእርሱ ጋራ መብላት፣ መጨባበጥና መነገድ ማንንም አይጐዳም።

በሽታውን ለመከልከል የሚያስፈልገውም ነገር በነጋዴው መጋዘን ውስጥ የሚገኝ ነው። እርሱም ሽፍን ጫማ ነው። በረባሶና ሺዳ እሾኽን ቢከለክሉም፣ ትቢያና ጭቃ በጣቶች መካከል ያስገባሉ። ሸራ ጫማ ወይም እግርን ሁሉ የሚሸፍን የፕላስቲክ ጫማ ግን፣ ልጁ ከመጀመሪያው እርምጃው ጀምሮ በትምህርት ቤትም በእርሻም ቢያደርገው፣ ደዌውን ከምንጩ ያደርቀዋል። በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያ፣ በሞሮኮና በካናሪ ደሴቶች ይህ ዓይነት የእግር እብጠት የጠፋው ሕዝቡ ጫማ ማድረግ ከለመደ በኋላ ነው።

ለታመመውም ተስፋ አለ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማንን ይዞ የተደረገውና በ2018 የወጣው ጥናት፣ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ መጠቅለልና ካልሲና ጫማ ማድረግ ብርቱውን የሕመም መነሣት በአንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀንሰው አስረድቷል። ሕክምናው በጊዜ ከተጀመረ እብጠቱ ይቀንሳል። የሚፈልገውም ውኃ፣ ሳሙናና ትዕግሥት ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ነገር ግን በሽተኛው የሚደበቀው ሰው ሲሸሸው ነው። አስተዳዳሪው በትምህርት ቤትና በገበያ አጠገብ ንጹሕ ውኃ ቢያቀርብ፣ በልጆች ሽፍን ጫማ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ሲመዝን ከላይ የተጻፈውን ኪሳራ ቢያስታውስ፤ ነጋዴውም ርካሽ የሆነውን ሽፍን ጫማ እስከ ገጠር ገበያ ቢያደርስ፣ ዘር ያወረሰው ድካም በልጅ ልጅ ላይ ደዌ ሆኖ አይታይም። የወረስነውን ዘር መለወጥ አይቻለንም፤ የምንረግጠውን አፈር ከእግራችን መለየት ግን የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ነው።