የወጨጫ ዛፎች ከድኻ አፈር እንዴት ይመገባሉ?

ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ጎን ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ እንደተተከለ በትውፊት ይነገራል። ታላላቆቹን ጥዶችና ዝግባዎች ያየ ሰው አፈሩ እጅግ የለማ ነው ብሎ ይገምታል። ነገር ግን በደጋው ቀይ አፈር ውስጥ ያለው ፎስፎረስ አብዛኛው ከብረትና ከአልሙኒየም ጋር ተጣብቆ ስለሚያዝ ለተክል የሚደርሰው ጥቂት ነው። በአማዞን የዝናብ ደን ያሉት ዛፎችም ችግራቸው ይኸው ነው። ታዲያ ዛፉ በምን ይኖራል?

አንዳንዱ ሥር ዛፉን ለማቆምና ውሃ ለመሳብ ጠልቆ ይወርዳል። ምግብ ሰብሳቢዎቹ ቀጫጭን ሥሮች ግን የሚበዙት የረገፈው ቅጠል በሚበሰብስበት በላይኛው አፈር ነው። ቅጠሉ ሲፈርስ የሚለቀውን ምግብ፥ ዝናብ ሳያጥበውና አፈሩ ሳይዘው፥ መልሰው ይወስዱታል።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ፎስፎረስ በአፈር ውስጥ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ሥሩ በአጠገቡ ያለውን ቶሎ ይጨርሳል። በዚህ ጊዜ የሚረዳው ፈንገስ ነው። ፈንገሱ በሥሩ ውስጥ አድሮ፥ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮቹን ሥሩ ወደማይደርስበት ዘርግቶ ፎስፎረስ ያመጣል፤ በዋጋውም ከዛፉ ስኳር ይቀበላል። ይህ ሽርክና ማይኮራይዛ ይባላል። ጥድም ዝግባም አላቸው። የዝግባ ቀጭን ሥር ታጥቦ ሲታይ፥ ግራና ቀኝ እንደ ዶቃ የተደረደሩ እባጮች አሉበት። የባቄላ ሥር እባጮች ናይትሮጅን የሚያዘጋጁ ባክቴሪያዎችን ሲያስጠጉ፥ የዝግባዎቹ የሚያስጠጉት ይህንኑ ፈንገስ ነው።

በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባውና ዛሬ የቡራዩንና የሱሉልታን ኮረብታዎች የሸፈነው ባሕር ዛፍም በዚሁ መንገድ ይረዳል። የትውልድ አገሩ የአውስትራልያ አፈር በፎስፎረስ ድኻ ነው፤ በሥሩ ጫፍ ላይ የሚያድር አንድ ዐይነት ፈንገስም ከውጭ እንደ ጓንት ይሸፍነዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፥ ከዛፍ ግርጌ ቅጠል ጠርጎ ለማገዶ መውሰድ የዛፉን ቀለብ መውሰድ ነው። ይሁን እንጂ ቅጠል ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱትን እናቶች፥ ሌላ ማገዶ ሳያገኙ፥ ተዉ ማለት ፍሬ የለውም። ሁለተኛ፥ የጥድና የዝግባ ችግኝ በተራቆተ መሬት ሲተከል፥ ፈንገሱ አብሮት ካልሄደ ሊቀጭጭ ይችላል። ስለዚህ በችግኝ ጣቢያ ከአሸዋው ጋር የሚደባለቀው ጥቂት የደን አፈር እንደ ተራ ልማድ ተቆጥሮ ሊቀር አይገባውም፤ ለችግኙ የመጀመሪያ ስንቁ ነውና።