ከስታዲየሙ በር ውጪ ያለው ገበታ

ኳስ ለማየት ወደ ሌላ ከተማ የሚጓዝ ሰው ሦስት ነገር ያስባል፤ ትኬቱን፣ ማደሪያውንና መመለሻውን። ስለ ምግብ ሲጠየቅ «እዚያው ከተገኘው እንቀምሳለን» ብሎ ያልፈዋል። ይህች «ከተገኘው» የምንላት ነገር ግን የብዙ ሰው እንጀራ ናት። ከስታዲየሙ በር ውጪ ጆንያ አንጥፎ፣ ከሰል አያይዞ፣ ሰፌድ ዘርግቶ የሚጠብቀን ሰው የሳምንቱን ገቢ የሚያሰላው በእኛ መምጣት ነው። ዛሬ ላነሳላችሁ የወደድኩት ስለዚህች ገበታ ነው። ከየት እንደምትመጣ፣ እንዴት እንደሚበላባት፣ ሕጉስ ስለ እሷ ምን እንደሚል እንይ።

ጉዳዩ ቀድሞ ከነበረው ይበልጥ ዛሬ አሳሳቢ የሆነበት ምክንያት አለ። ድሮ ክለቦች በሜዳቸውና ከሜዳቸው ውጪ እየተመላለሱ ይጫወቱ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ወዲህ ግን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ጀመረ። ፋሲል ከነማ ዋንጫ ባነሳበት በዚያው ዓመት ሊጉ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተዟዟረ። ክለቦቹ በሙሉ ለሳምንታት አንድ ከተማ ይሰፍራሉ ማለት ነው። ደጋፊ ሲፈቀድለት ይከተላል፤ የደጋፊ ሆድ ደግሞ አብሮት ይጓዛል።

ባሕር ዳርን ምሳሌ ላድርግ። ከ50 ሺሕ በላይ ሰው እንዲይዝ ታስቦ የተገነባው ስታዲየም ትልልቅ ቀናትን አሳልፏል። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 የረቱት እዚያ ነው። የከተማው እንግዳ ከጣና ዳር የሚጠበሰውን ቀረሶ ሳይቀምስ አይመለስም። ዓሣው ግን የሐይቁ ነው። በስታዲየም ዙሪያ በእጅ ተይዞ የሚበላው ቆሎ፣ ቅቅል ድንችና ግብጦ የደጋ ምርት ነው።

የእስቴ ልጅ በመሆኔ ይህን ደጋ አውቀዋለሁ። ከባሕር ዳር በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር የወጣ መንገደኛ ጉና ተራራን ይዞ ሲቀጥል ነፋስ መውጫ፣ ላይ ጋይንት ይደርሳል። ታች ጋይንትን አርብ ገበያ፣ ስማዳን ወገዳ፣ እስቴን መካነ ኢየሱስ ብላችሁ ያዙ። ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ መሬቱ ግን በብዙ ቦታ የተራቆተ አገር ነው። ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ካቀፋቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው። የዓመት ቀለቡ ከመሬቱ የማይሞላለት ገበሬ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከቀዬው ይወጣል። አንዱ ወደ መተማና ሁመራ ሰሊጥ አረማና አጨዳ ይወርዳል፣ ሌላው ከተማ ገብቶ በቀን ሥራና በትንንሽ ንግድ ይተዳደራል። ስለዚህ አንድ ስኒ ቆሎ ስትገዙ የምትከፍሉት ገንዘብ ከምትገምቱት በላይ ሩቅ ሊሄድ ይችላል።

አሁን ወደ አበላሉ እንምጣ። የተማረው የከተማ ሰው መንገድ ዳር ያለውን ምግብ ሁሉ በአንድ ዓይን ያየዋል፤ ወይ ሁሉንም ይሸሻል፣ ወይ ሁሉንም «የአገሬ ነው» ብሎ ይውጣል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ጥያቄው ምግቡ መንገድ ዳር መሸጡ ላይ አይደለም። ሦስት ነገር ነው የሚታየው፤ እሳቱ፣ ውኃውና እጁ።

ቆሎ በከፍተኛ ሙቀት የሚቆላ ደረቅ ምግብ ስለሆነ ጀርም በቀላሉ አይራባበትም። አደጋው ያለው በሚሰፈርበት ስኒና በሚዘግነው እጅ ላይ ነው። በክረምት ማብቂያ የሚመጣው የበቆሎ እሸት ጥብስም ከፍም ላይ ተነስቶ ወዲያው እስከተሰጣችሁ ድረስ አያስፈራም። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ግሩም ነው፤ ትኩስ መሆኑንና ዓይናችሁ እያየ መላጡን ብቻ አረጋግጡ። ተቀቅሎና ተልጦ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ የዋለውን እለፉት። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይሞቅ ሳይቀዘቅዝ መቆየት የለበትም የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለስታዲየም በርም ይሠራል። ከሁሉ ይበልጥ የምፈራው ተቆርጦ የተደረደረ ፍራፍሬና በየት ውኃ እንደተበጠበጠ የማይታወቅ መጠጥ ነው።

ግብጦ የራሱ ሕግ አለው። ፍሬው በተፈጥሮው መራራ ነው፤ ምሬቱም ሰውነትን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ምልክት ነው። እናቶቻችን ከቆሉት ወይም ከቀቀሉት በኋላ ለቀናት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ውኃውን እየቀያየሩ ምሬቱን ያስወጡታል። እንግዲህ አንድ ፍሬ ቅመሱ። ካልመረራችሁ ብሉ፤ ከመረራችሁ ሥራው አላለቀምና ትፉት። በጾም ቀን ጨዋታ ለሚያየውም ቆሎ፣ ድንችና ግብጦ ሁሉም የጾም ናቸው።

ስለ እጅ አንድ ምክር ልጨምር። ብር የሚቀበለውና ምግብ የሚያነሳው እጅ የተለያየ የሆነበትን ሻጭ ምረጡ። እናትና ልጅ ሆነው የሚሸጡ ከሆነ ይህ ቀላል ነው። ብቻዋን የምትሸጥ ከሆነ በማንኪያ ወይም በስኒ እንድትሰፍርላችሁ በትሕትና ጠይቁ። «እትዬ፣ በስኒው ይስፈሩልኝ» መባል ማንንም አያስከፋም።

አሁን ደግሞ ወደ ሙያዬ ልመለስ፤ ሕጉ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በማንኛውም የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራትና ለመተዳደሪያው የመረጠውን ሥራ የመሥራት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በሌላ በኩል የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ያለ ፈቃድ መነገድን ይከለክላል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ለጤና አደገኛ የሆነ ምግብ መሸጥን ይከለክላል። ሦስቱም በየራሳቸው ተገቢ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ሦስቱ አንዲት ቆሎ ሻጭ ላይ ሲገናኙ ነው። ፈቃድ ለማውጣት የንግድ አድራሻ ይጠየቃል፤ የእሷ አድራሻ ደግሞ ጆንያዋ ነው። መብቷ በሕገ መንግሥቱ ተጽፏል፣ የምትቆምበት ስንዝር መሬት ግን የትም አልተጻፈም። ስለዚህ የጨዋታ ቀን አንድ ዓይኗ ደንበኛ ላይ፣ ሌላው ደንብ አስከባሪ ላይ ነው።

የቀድሞው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በዚህ ረገድ የሚያስገርም ማስተዋል ነበረው። ገበሬ ከሚያርሰው መሬት ያገኘውን ምርት ሲሸጥ እንደ ነጋዴ አይቆጠርም ይል ነበር። ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል፤ ሐሳቡ ግን ዛሬም ይጠቅማል። ከጅምላ ገዝቶ በሚቸረችረውና የጓሮውን ገብስ ቆልቶ በመጣው መካከል ልዩነት አለ ማለት ነው።

የደንብ አስከባሪውን ወገን ሳልሰማ ብፈርድ የተማርኩት ሕግ ይታዘበኛል። የስታዲየም መውጫ በር በጆንያና በከሰል ምድጃ ከተዘጋ፣ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሲወጣ የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። ይህ የሚያሳስበው ሰው ተሳስቷል አልልም። ነገር ግን መፍትሔው ማባረር ብቻ ከሆነ ሻጮቹ ከበሩ ይርቁና ጨዋታው ሲያልቅ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ያውም በጥድፊያ፣ ውኃና ቆሻሻ መጣያ በሌለበት።

ሌሎች አገሮች ይህን ፈትነውታል። የብራዚሏ ሳልቫዶር ከተማ ሴቶች አካራዤ የሚባል፣ ከባቄላ መሰል ጥራጥሬ ሊጥ የሚጠበስ ምግብ ይሸጣሉ። ከ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ በፊት ፊፋ በስታዲየሞች ዙሪያ ለስፖንሰሮቹ ያስከበረው ክልል ከገበያቸው ሊያስወጣቸው ነበር። ሴቶቹ ተደራጅተው ፊርማ አሰባሰቡ፤ በ2013 በተካሄደው የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ 6 ሻጮች በስታዲየሙ እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ መርሁ ግን ትልቅ ነው። ሕንድም በ2014 ባወጣችው ሕግ የመንገድ ሻጮች የሚቆሙበትን ቦታ የሚወስን ኮሚቴ በየከተማው እንዲቋቋም፣ ከአባላቱም ቢያንስ 40 በመቶው ሻጮቹ ራሳቸው እንዲሆኑ ደነገገች።

እኛስ? ውድ ነገር አያስፈልግም። ለጨዋታ ቀን ብቻ የሚሰጥ በአነስተኛ ክፍያ የሚገኝ የአንድ ቀን ፈቃድ፣ ከመውጫ በሮች ርቆ በኖራ የተሰመረ ቦታ፣ አንድ የቧንቧ ውኃና ጥቂት የቆሻሻ በርሜሎች ይበቃሉ። ያን ጊዜ የጤና ተቆጣጣሪው ማንን እንደሚቆጣጠር ያውቃል፣ በላተኛውም ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ነገሩ ዋዛ እንዳይመስላችሁ። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ከተሸነፍን በኋላ ካፍ ስታዲየሙ መስፈርት አያሟላም ብሎ አገደው። ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው አገር ማድረግ ጀመረ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ማላዊ ውስጥ ነው። ደስታው የእኛ ነበር፤ የዕለቱ ገበያ ግን የሊሎንግዌ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት መንገዱን ራሱን አስፈሪ አድርጎታል። ስለ ሣሩና ስለ መልበሻ ክፍሉ ብዙ ተጽፏል። ጨዋታ ሲቀር ጆንያዋን አጣጥፋ የቀረችውን ሴት ኪሳራ ግን የመዘገበ የለም።

ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አስተናግዳ ያሸነፈችውን የአፍሪካ ዋንጫ ዳግም የማስተናገድ ፍላጎቷን በ2017 ዓ.ም. ገልጻለች። ስታዲየም ሲሠራ በሩም ይታሰብ። በዕቅዱ ላይ የክብር እንግዶች መቀመጫ እንደሚሰመር ሁሉ፣ ለቆሎዋ ሴትም ሁለት ሜትር ቦታ ይሰመርላት። እስከዚያው ወደየትኛውም ከተማ ለጨዋታ ስትሄዱ እሳቱን፣ ውኃውንና እጁን አይታችሁ ብሉ፤ በሳንቲም ላይም አትከራከሩ።

መልካም ጨዋታ!