የ4.3 ሳንቲም ሙግት

እ.ኤ.አ. በ1996 የጸደይ ወራት በአሜሪካ የቤንዚን ዋጋ ሲያሻቅብ፣ የፕሬዚዳንት ክሊንተን የምርጫ ተፎካካሪ የነበሩት ሪፐብሊካኑ ሴናተር ቦብ ዶል በ1993 በጋሎን ላይ የተጨመረው 4.3 ሳንቲም ቀረጥ እንዲነሳ መንግሥትን ሞገቱ።

ጥያቄው ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠው ለሚውሉት የዋሽንግተን ኢትዮጵያውያን ባለታክሲዎች ለጆሮ የሚጥም ነበር። ሒሳቡ ሲሠራ ግን በቀን 10 ጋሎን ለሚቀዳ ሰው ትርፉ 43 ሳንቲም ነው። እሱም ቢሆን ነዳጅ ሻጩ ቅናሹን ለራሱ ካላስቀረው ነው።

ክሊንተን ከመጠባበቂያው ክምችት 12 ሚሊዮን በርሜል ያህል ድፍድፍ ነዳጅ እንዲሸጥ አዘዙ። የተወካዮች ምክር ቤት በግንቦት ቀረጡ ለጊዜው እንዲነሳ ቢወስንም፣ ሐሳቡ ሕግ ሳይሆን ቀረ፤ ዶልም በምርጫው ተሸነፉ። ሳንቲሙ በ1997 ለመንገድ ሥራ ፈንድ እንዲገባ ተወሰነ።

ምርጫ በመጣ ቁጥር «የነዳጅ ቀረጥ ይነሳል» ሲባል፣ ከማጨብጨብ በፊት ሳንቲሙ ማን ኪስ እንደሚገባ መጠየቅ ይበጃል።