ተጨማሪ መረጃ፦ ድርሻዎች ከ1 ሲበልጡ

የአንድ ሙሉ ነገር ክፍልፋዮች ሲደመሩ 1 እንደሚሆኑ ተምራችኋል። በእስልምና የውርስ ሕግ ግን ድምሩ ከ1 የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ልጅም ወላጅም የሌላት ሴት ሞታ ባሏና ሁለት እህቶቿ ወረሷት እንበል። በቁርኣን መሠረት የባል ድርሻ 1/2፣ የሁለቱ እህቶች 2/3 ነው፤ ሲደመር 7/6 ይሆናል። ታዲያ ከማን ይቀነስ?

የሱኒ መዝሀቦች (የሕግ አስተምህሮዎች) መፍትሔ ዐውል ይባላል። ዐውል የሁሉንም ወራሾች ድርሻ በእኩል ምጥጥን የመቀነስ ስሌት ነው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሁለተኛው ኸሊፋ በዑመር ዘመን እንደተጀመረ ይነገራል። 3/6 እና 4/6 የነበሩት ድርሻዎች ታሕታቸው 7 ሆኖ 3/7 እና 4/7 ይሆናሉ። የቀብር ወጪ፣ ዕዳና ኑዛዜ ተነሥቶ 420,000 ብር ቢተርፍ ለባል 180,000፣ ለእያንዳንዷ እህት 120,000 ብር ይደርሳል። ጉድለቱን ሁሉም እንደየድርሻው ስለሚጋራው የተወሰነ ድርሻ ካላቸው ወራሾች መካከል ባዶ እጁን የሚቀር የለም።

በኢትዮጵያም ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሙስሊሞችን የውርስ ጉዳይ ያያሉ።

ሞክሩ፦ የሟች እናትም በሕይወት ብትኖርና ድርሻዋ 1/6 ቢሆን፣ አዲሱ ታሕት ስንት ይሆናል? 480,000 ብር አከፋፍላችሁ ድምሩን አረጋግጡ።