የሰንጢ ክሊፕ፦ ማዞር፣ መቀየር፣ መንቀል

ሰንጢ ብዙ ዘመን ያሳለፈው ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር እየተጋጨ ነው። ከበድ ያለው ደግሞ በቆዳ ሰገባ ቀበቶ ላይ ይታሰር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካው ባክ 110 እስከ ዛሬ ሰገባው አይለየውም። ይህን ልማድ የቀየረው በኮሎራዶ፣ ጎልደን ከተማ የሚገኘው ስፓይደርኮ ነው። መሥራቹ ሳል ግሌሰር በ1981 ለገበያ ያቀረበው ወርከር የተባለው ሰንጢ፣ ስለቱን በአውራ ጣት የሚከፍቱበት ክብ ቀዳዳ ነበረው፤ እጀታው ጎን ላይ ደግሞ በብሎን የታሰረ የብረት ክሊፕ። ክሊፑ የኪሱን አፍ ቆንጥጦ ስለሚይዝ ሰንጢው ወደ ታች አይሰምጥም፣ እጅም ሳይፈልግ ያገኘዋል።

ክሊፑ በብሎን መታሰሩ ትልቅ ነገር ነው። ኩባንያው በ1990 ባወጣቸው ዴሊካና ኢንዱራ ላይ ክሊፑ ከፕላስቲኩ እጀታ ጋር አብሮ የተቀረጸ ነበር። ሲሰበር መተኪያ የለውም። በኋላ የመጡት የእነዚሁ ሞዴሎች ትውልዶች ወደ ብሎን ተመልሰዋል። በእኔ እምነት ሰንጢ የሚገዛ ሰው ከስለቱ ቀጥሎ ማየት ያለበት ክሊፑ የሚፈታ መሆኑን ነው፤ ምክንያቱም ፋብሪካው ክሊፑን የሚያስረው ለቀኝ እጅ አስቦ ነው፣ የገዢው እጅ ግን የራሱ ነው።

ብዙ ሰንጢዎች አራት የማሰሪያ ቦታ አላቸው፦ ቀኝና ግራ፣ ላይና ታች። ክሊፑ የተዘጋው ስለት ጫፍ በሚያርፍበት ወገን ከታሰረ፣ ሰንጢው ኪስ ውስጥ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሲመዘዝ አውራ ጣት በቀጥታ መክፈቻው ላይ ያርፋል። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለቀኝ ኪስ የታሰረ ሰንጢ የስለቱ ጀርባ ከኪሱ የኋላ ስፌት ጋር ተደግፎ ስለሚቀመጥ በራሱ አይከፈትም። ክሊፑ ሳይዞር ግራ ኪስ ከገባ ግን ያ ድጋፍ አይኖርም፤ ስለቱ ትንሽ ቢከፈት የሚያገኘው የሚገባውን እጅ ነው። ግራኝ ክሊፑን ማዞር ያለበት ለምቾት ብቻ አይደለም።

መፍታቱ ቀላል ይመስላል፤ ብሎኑን የሚያበላሸው ችኮላ ነው። የብሎኑ ራስ ባለስድስት ጫፍ ኮከብ የሆነው ቶርክስ ሲሆን፣ የሚበዛው ቲ6 ወይም ቲ8 ነው። ቲ8 በሚፈልግ ብሎን ላይ ቲ6 ካቻቪቴ ከገባ ኮከቡ ይላጣል። ብዙ ፋብሪካዎች ጥርሱን እንዳይላላ በሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ያደርቁታል። እንቢ ካለ በጉልበት ከመታገል የጋለ የመበየጃ ካውያ ጫፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ብሎኑ ራስ ላይ ማሳረፍ ማጣበቂያውን ያለሰልሰዋል፤ እጀታው ፕላስቲክ ከሆነ ግን ሙቀቱ እንዳይነካው። ብሎን ሲተካም እንዲሁ ነው። የአሜሪካው 2-56 እና ኤም2 በዓይን አይለዩም፤ የመጀመሪያው 2.18 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፣ ሁለተኛው 2። የጥርሳቸው ርቀትም ስለሚለያይ አስገድዶ የሚያስገባ ሰው የእጀታውን ጥርስ ይበላዋል።

አዲሱ ክሊፕ ሲታሰር የሚዘነጋ ሌላ ነገር አለ። ጂ10 በሚባለው ሻካራ እጀታ ላይ ጠበቅ ያለ ክሊፕ ከተቀመጠ ሁለቱ በመካከላቸው ያለውን ጨርቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱታል፤ ጂንሱ ያልቃል። ከክሊፑ ሥር ያለውን ቦታ ብቻ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይበቃል።

ጭራሽ የሚነቅሉትም አሉ። ካርቶን ሲቆርጥ ወይም እንጨት ሲጠርብ የሚውል ሰው ክሊፑ መዳፉን እየወጋው ማማረሩ አይቀርም፤ ሲነቀል እጀታው ሙሉ ለሙሉ ለእጅ ይሆናል። ያኔ ቀዳዳው ክፍት እንዳይቀር ብሎ የቀድሞውን ብሎን መመለስ አደጋ አለው፤ በክሊፑ ውፍረት ልክ ወደ ውስጥ ጠልቆ ስለቱን ሊነካ ይችላል። አጠር ያለ ብሎን ያስፈልጋል፤ ካጠበቁ በኋላም ሰንጢውን ቀስ ብሎ ከፍቶና ዘግቶ ማየት ነው።

ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። የከተማው ደንብ፣ ለሥራና ለመሳሰለው ካልሆነ በቀር፣ ቢላዋን በአደባባይ እንዲታይ አድርጎ መያዝን ይከለክላል። ከኪስ ብቅ ያለ ክሊፕ ፖሊስ ሰው የሚያስቆምበት ምክንያት ሆኖ ኖሯል። ስለቱ እጅ ሲነቀነቅ የሚከፈትን ቢላዋ ወንጀል ያደረገው የግዛቱ ሕግ በ2019 ተሽሯል፤ የከተማው ደንብ ግን በዚያ አልተሻረም። ሰንጢውን ዝቅ አድርጎ የሚይዝ ረጅም ክሊፕም እዚያ መፍትሔ አይሆንም፤ እጀታው ቢደበቅም ክሊፑ ራሱ ከኪሱ ውጭ ይታያልና።